ነፍሰ ጡር ድመት ሁዳዴን አትጾምም

እኔ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። ከቢሮ ስመለስ እኔ ሰፈር የሚወርድ ሌላ ተሳፋሪ እንዲኖር በልቤ እጸልያለሁ። ከሌለ ባጃጁ እስከሚያቆምበት ድረስ አብሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። አንዱ ሾፌር «እህት፣ ቦንጋን እየጎበኘሽ ነው?» ብሎኝ ያውቃል። አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። በኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ «አንዲት ቃል ተናግራ አትገላገልም ነበር?» እንዳትሉኝ ነው። ትሉኛላችሁ ግን። ያልተባልኩት ከማን ነው?

በትምህርቴ የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ። ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ ቦንጋ በአንድ መሥሪያ ቤት የቡና ባለሙያ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ስለ ቡና በሽታ ሃያ ገጽ ሪፖርት መጻፍ አያቅተኝም፤ ማንኪራ ቀበሌ ወርጄ አንድ ገበሬ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ግን ቅጠሉን እያገላበጥኩ ዝም እላለሁ። ገበሬዎቹ ዝምታዬን እንደ ጥልቅ እውቀት ቆጥረውልኛል። እኔም አላስተባበልኩም።

የምኖረው እትዬ ዘነበች ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። እትዬ ዘነበች በልጅነታቸው ከመንዝ መጥተው ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ከሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ በዓይናቸው ለቀሚስ የሚለኩ ሴት ናቸው። የአገር ልጅ ነሽ ብለው በኪራዩ አስተያየት አድርገውልኛል። እናቴ በስልክ «አደራዎን» ስትላቸው «እንደ ልጄ ነው የማያት» አሏት። እውነትም እንደ ልጃቸው ያዩኛል፤ በተለይ በመስኮት።

የገባሁ ቀን ሕጋቸውን በሦስት ጣታቸው ቆጠሩልኝ። «ወንድ፣ መጠጥ፣ እንስሳ እዚህ ግቢ አይገባም። ይህን ያፈረሰ በማግሥቱ ዕቃውን ይጭናል።» ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ክፍሉ ውስጥ ዶሮ ሲያረባ ቁንጫ አስገብቶባቸው ስለነበር ሦስተኛዋን ጣት ከሌሎቹ ቀጥ አድርገው ያዟት። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልተቸገርኩም። ወንድ ለማስገባት መጀመሪያ ወንድ ማናገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛዋ ጣት ላይ የወደቅኩት ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናቡ እንደ ባልዲ ሲወርድ አንዲት ድመት በመስኮቴ ዘልላ ገባች። ግራጫ ናት። አንድ ጆሮዋ ተቀዷል፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ሆዷ ብቻ ከሌላ ድመት የተዋሰችው ይመስል ክብ ነው። ለሰኞ ስብሰባ አጥቤ ያጠፍኩት ጥቁር ጉርድ ቀሚሴ ላይ ሄዳ ተዘረጋች።

«ይቅርታ» አልኳት።

አየችኝ። አልተነሣችም።

«እባክዎን፣ ቀሚሱ ለነገ ነበር።»

ድመትን አንቱ ማለት እንዴት እንደጀመርኩ አትጠይቁኝ። በዚያ ሆድ ፊት «አንቺ» ማለት ከበደኝ። ስሟም በዚሁ ወጣ፤ ወይዘሮ አልኳት።

ያለኝን ሁሉ አቀረብኩላት። ሽሮ አሸተተችና ዘወር አለች። ጎመኑን በእግሯ ገፋችው። ምስሩን ስታይማ በእኔ አፍራ መሰለኝ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ደግሞ ሌላ ምግብ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ሁዳዴ ለደሞዜ ባለውለታ ነው፤ በጾም ሰሞን በየቀኑ ሽሮ የሚበላ ሰው ችግረኛ አይባልም፣ ጨዋ ይባላል። ግቢው በሙሉ ጿሚ ስለሆነ ከማንም ማጀት አንዲት አጥንት እንኳ አትወጣም።

ሰኞ ጠዋት ባረጀው ቀሚሴ ቢሮ ገብቼ፣ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ የሆኑትን ጋሽ አዴሎን ሻይ ሲጠጡ ጠበቅኋቸው። ጋሽ አዴሎ የካፋ ሰው ናቸው። ቀልዳቸውን ሲናገሩ አይስቁም፣ ሌላው ስቆ ሲጨርስ ነው የሚጀምሩት።

«ጋሽ አዴሎ፣ ጓደኛዬ ድመት አለቻት…»

«አንቺ ጓደኛ አለሽ?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው።

እውነቱን ነገርኳቸው። ሆዷ ወደ ታች መውረዱን፣ ጡቷ መቅላቱን ጠየቁኝ። «አሥር ቀንም የላት» አሉ። «ሥጋ ነው የምትፈልገው። ቀቅለሽ፣ ጨው ሳይገባ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። እንዲህ ከስታ ሥጋ ካላገኘች ግልገሎቹም አይተርፉ፣ እሷም አትተርፍ።» ከዚያ ሻያቸውን ፉት አሉና «እኛ ቤት ብትመጣ ኖሮ ችግር የለም። እኛ ፕሮቴስታንት ነን፤ ድመታችንም እንደዚያው ናት» አሉ።

በማግሥቱ ከቤታቸው ትራፊ ሥጋ በዕቃ ቋጥረው አመጡልኝ። ወይዘሮ ዕቃውን ጭምር ልትበላው ነበር። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ጋሽ አዴሎ ለከብት ክትባት ወደ ደካ ገጠር ወጡ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አይመለሱም። መኪና ውስጥ ሆነው «እስክመጣ እንዳትወልድ ንገሪያት!» ብለው ጮኹ፤ የቢሮው ግቢ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

እኔ ጥንቁቅ ነኝ። ሲጨንቀኝ ሠንጠረዥ እሠራለሁ። ቢሮ እንደምንሠራው አድርጌ የድርጊት መርሃ ግብር አዘጋጀሁ። ፈጻሚ አካል በሚለው ሥር በየረድፉ «እኔ» ብዬ ጻፍኩ፤ በጀት በሚለው ሥር ሰረዝ አደረግኩ፤ ስጋት በሚለው ሥር «እትዬ ዘነበች» ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ወይዘሮ አልጋ ሥር፣ ሻንጣዬ ጀርባ፣ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ተደበቀች። የቀረው ሥጋ ነው።

በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። በእኔ መንገድ ላይ ክፍት የነበረው በሩ ላይ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት የጋሽ ከማል ሥጋ ቤት ብቻ ነው። ረመዳን ያለቀው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ቤቱ ሞቅ ብሏል። ክርስቲያን የሙስሊም፣ ሙስሊም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ ለእናንተ አልነግራችሁም። ማተብ ያሰረች ልጅ በሁዳዴ እዚያ በር ላይ ስትቆም ምን እንደምትመስልም አልነግራችሁም። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ይህን አላሰብኩም። የማስበው የምናገረውን ነበር። ከቢሮ እስከዚያ ድረስ «ለድመት የሚሆን ቅንጥብጣቢ ይኖራል?» እያልኩ ተለማምጃለሁ። ስድስት ጊዜ። ሰባተኛው ላይ ገባሁ።

ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ሦስቱም ዞሩ። ቅንጥብጣቢ የሚለው ቃል ከአፌ በር ተመለሰ።

«ግማሽ ኪሎ» አልኩ።

«ለጥብስ ነው ለወጥ?» አሉ ጋሽ ከማል።

«ለጥብስ።»

«አጥንት ልቀላቅልበት?»

የወይዘሮን ጥርስ አሰብኩ። «ያለ አጥንት።»

«ቅባትስ?»

«ትንሽ።»

ጋሽ ከማል ከላይ የተሰቀለውን፣ እኔ ለፋሲካም የማልገዛውን ሥጋ ቆርጠው ሚዛን ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ማተቤን አዩ። ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው በዝግታ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና… ይሄ የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ጾምም መሰለኝ።»

«አውቃለሁ።»

አንዱ ደንበኛ ለመከባበር ሲል ግድግዳውን ማየት ጀመረ። እዚህ ላይ «ለድመት ነው» ብል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ነገር ግን ሰው ለድመቱ አጥንት የሌለው የጥብስ ሥጋ ካስቆረጠ በኋላ እንዴት አድርጎ ይናገረዋል? ጋሽ ከማል ፊቴን አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «በጥቁር ፌስታል ላድርግልሽ?» ሰው የማያሳፍሩ ሰው ናቸው።

የዚያ ሳምንት የባጃጅ ገንዘቤ በጥቁር ፌስታል ሆኖ ቤት ገባ። «ወራጅ አለ» ከማለት ግን ተገላገልኩ፤ በእግሬ ሆነ የምሄደው።

ቤት ስገባ መስኮቱን ዘግቼ፣ የበሩን ሥር በፎጣ ደፍኜ፣ ሥጋውን ቀቀልኩ። የሥጋ ሽታ በሁዳዴ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የጾመ ሰው ነው። ሽታው ከበሩ አልፎ እንዳይሄድ ብዬ ለመሸፈኛ በዘይት ነጭ ሽንኩርት ጠበስኩ። ሸፈነው አይባልም። ሽታው እንደ ሙሽራ ሚዜ አገኘና ተሞሽሮ ወጣ።

በሩ ተንኳኳ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» እትዬ ዘነበች ናቸው።

በሩን አፍንጫዬ እስኪወጣ ብቻ ከፈትኩ። «ሽሮ።»

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። «ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ነጭ ሽንኩርት።»

«ነጭ ሽንኩርት ብቻ?»

«በዛ አድርጌ።»

«ይህን ያህል ዘመን ሽሮ ስሠራ አንድ ቀን እንዲህ ሸቶልኝ አያውቅም» አሉና ቆሙ። የሚጠብቁት ነገር ነበር። እኔም የሚጠብቁትን አውቃለሁ፤ «ይግቡ፣ ይቅመሱ» እንድላቸው ነው። በአገራችን ምግብ እየሸተተ እንብላ አለማለት በዱላ ከማባረር አያንስም። እኔ ግን በሩን በትከሻዬ ደግፌ እንደ ዘበኛ ቆምኩ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ጥገቢ» ብለው ሄዱ። ተቀይመዋል፤ አረማመዳቸው ይናገራል።

ወይዘሮ ግን በላች። በልታ ስትጨርስ እግሬ ላይ ተደግፋ ማንኮራፋት ጀመረች። እኔም ሽሮዬን በላሁ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥጋው ሲያልቅ ሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ። አሁን ብልህ ሆኛለሁ። ማተቤ እንዳይታይ አንገቴን በሻርፕ ሸፈንኩ፤ ሻርፑ እንዳይንሸራተት ፀጉሬንም ጨምሬ ጠመጠምኩ፤ ፊቴንም ሰው እንዳያውቀኝ እስከ ቅንድቤ አወረድኩት። መስታወት አይቼ ብወጣ ኖሮ እዚያው እመለስ ነበር።

ጋሽ ከማል ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ከወረፋው አስቀድመው አስተናገዱኝ። ከፌስታሉ ጋር አንድ ጥቅልል ወረቀት ሰጡኝ። «ተምር ነው፣ ከረመዳን የተረፈ። ባለቤቴ ናት ስጣት ያለችኝ። እህቴ፣ ጊዜ ወስደሽ አስቢበት። ማንም አያጣድፍሽም፣ ማንም አያስገድድሽም። የምትጠይቂው ካለ ከእሷ ጋር ተጫወቺ።»

አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ለምን ጉዳይ እንደነቀነቅሁ የገባኝ በሩን ስወጣ ነው። እዚያ ደግሞ እትዬ አስካለ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።

እትዬ አስካለ የእትዬ ዘነበች የማኅበር ጓደኛ ናቸው። መጀመሪያ እኔን አዩ። ቀጥለው በሩ ላይ ያለውን ጨረቃ አዩ። ከዚያ ሻርፔን። ከዚያ ፌስታሉን።

«አንቺ የዘነበች ተከራይ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«እህ» አሉና ዞረው ሄዱ። እትዬ አስካለ የጉልበት ሕመም እንዳለባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን እንኳ በሰው ተደግፈው እንደሚመለሱ ሰፈሩ ያውቃል። በዚያን ቀን የጉልበት ሕመም የሚባል ነገር አላየሁባቸውም። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ተቀምጧል።

እትዬ ዘነበች አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን እያፍተለተሉ ቆዩ።

«ልጄ፣ የምትበይውን አልቆጥርብሽም። ሃይማኖትሽም የራስሽ ነው። ከማል ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው፣ ለቅሶዬን ለቅሶው ያደረገ ጨዋ ሰው። ግን ሽሮ ነው አልሽኝ። እኔ ደግሞ ለማኅበሩ ሁሉ አወራሁልሽ። የእሷን ሽሮ ብትቀምሱ ብዬ! እኔም ሳልቀምሰው!»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እናትሽ ደውላ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት? ሐሙስ መምሬ ይመጣሉ። እውነቱን ለእሳቸው ትነግሪያለሽ። ዋሽተሽኝ ከሆነ ዕቃሽን ትጭኛለሽ። ዋሾ አላከራይም።»

ከእግራቸው ሥር፣ ከአልጋው በታች፣ ወይዘሮ ካርቶኑን ስትቧጥጥ ይሰማኛል። ሳል ሳልኩ። እትዬ ዘነበች የንስሐ ሳል መስሏቸው በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ሐሙስ እስኪደርስ ነገሩን በሁሉም በኩል አገላበጥኩት። «ድመት አለች» ብል ወይዘሮ በዚያው ሰዓት ዝናብ ላይ ናት፤ በዚያ ሆድ፣ መንገዱን ሁሉ ውሻ ሞልቶት። ዝም ብል ጾም ሻሪና ዋሾ ተብዬ ዕቃዬን እጭናለሁ፤ በእኔ ደሞዝ ደግሞ እንደዚህ ያለ ቤት ቦንጋ ውስጥ ሁለተኛ አይገኝም። እናቴም ትሰማለች። ጋሽ አዴሎ ያሉት አሥር ቀን ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። እስክትወልድ ድረስ ዝም እላለሁ ብዬ ቆረጥኩ። በሕይወቴ የሠለጠንኩበት አንድ ሙያ ቢኖር ዝም ማለት ነው።

መምሬ ሐሙስ ከሥራ በኋላ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲቀመጡ ወንበሩን የሚመርቁ ዓይነት። መስቀል ተሳለምኩ። የማቀርበው ስለጠፋኝ ተምሩን በሳህን አደረግኩ። አንዷን አንሥተው ቀመሱና «ጥሩ ተምር ነው፣ ከየት አገኘሽው?» አሉ። እትዬ ዘነበች በሩ ሥር ቆመው «እሱን ነው እኮ የምልዎት!» አሉ።

«ልጄ፣ በጾሙ ሥጋ በልተሻል?»

አልበላሁም ማለት እውነት ነው። ነገር ግን የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ማን በላው?» ነው። ለመምሬ መዋሸት ደግሞ አልችልም። መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ።

«ገባኝ» አሉ መምሬ በርኅራኄ። ዝምታዬ ለማንም ሰው በትክክል ገብቶት አያውቅም። «ወጣትነት ነው፣ ከቤተሰብ መራቅ ነው፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። በይ፣ ሰባት ስግደት ስገጂና ከዚያ እንጨዋወታለን።»

ክፍሌ ጠባብ ናት። ለመስገድ የሚበቃው ቦታ አልጋው ፊት ያለው ብቻ ነው። ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ዓይኔን ስገልጥ ከወይዘሮ ጋር ፊት ለፊት ተያየን። ከካርቶኑ ወጥታለች። እያለከለከች ነው። ከጎኗ እርጥብ፣ የአውራ ጣት የምታህል ነገር ትንቀሳቀሳለች።

ተነሣሁ። ሁለተኛውን ሰገድኩ። ሁለት ሆነዋል።

ሦስተኛውን ስሰግድ አልተነሣሁም። መነሣት አቃተኝ። ወይዘሮ ሦስተኛውን እየላሰች ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም እንባዬ መጣ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ማልቀስ ጀመሩ። «አዩልኝ መምሬ! ተጸጽታለች! የአገሬ ልጅ እኮ ናት፣ ቀድሞም ልቧ ንጹሕ ነው!»

«ይበቃል ልጄ፣ ተነሺ፣ ይበቃል» አሉ መምሬ።

በዚህ መሐል ከአልጋው ሥር ቀጭን «ሲጢጥ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«አይጥ!» አሉ እትዬ ዘነበች፤ ለቅሷቸውን ሳይጨርሱ ወንበር ላይ ወጡ።

መምሬ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ እያቃሰቱ፣ ከጎኔ ተንበረከኩ። ግንባራቸውን ወደ መሬት አስጠጉ።

«ዘነበች፣ ነዪ እስቲ።»

«አይጥ ነው?»

«አይጥ የምትበላዋ ናት።»

እትዬ ዘነበች ወርደው በሌላ ጎኔ ተንበረከኩ። በዚያን ሰዓት በመስኮት ያየን ሰው ቢኖር ሦስታችንም ተባብረን ጾም የሻርን ይመስለው ነበር።

ያኔ አፌ ተከፈተ። የመመረቂያ ጽሑፌን ካቀረብኩ ወዲህ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ግንባሬን መሬት ላይ እንደደፋሁ ሥጋው የእሷ መሆኑን፣ ቅንጥብጣቢ ማለት አፍሬ የጥብስ ሥጋ መግዛቴን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሻርፑን፣ ተምሩን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። መምሬ ሳቃቸውን ሊውጡት ታግለው አቃታቸው። «ሰባቱ ስግደት ለእኔ ይሁን» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «ሳልጠይቅ የፈረድኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ዘነበች አልሳቁም። ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። ሦስተኛዋ ጣት ወጣች።

«እንስሳ እዚህ ግቢ አይገባም ብያለሁ። ሕግ ሕግ ነው። ነገ ጠዋት…»

አራተኛው ተወለደ። ሁላችንም ሰማነው።

«ዘነበች፣ አራስ እኮ ናት» አሉ መምሬ። «አራስ ከቤት ስትወጣ የት አይተሻል?»

እትዬ ዘነበች በሰፈሩ የወለደች ሴት ሁሉ በር ላይ ቀድመው የሚገኙ፣ ገንፎ የሚያገነፉ ናቸው። ጣታቸውን አዩት። ወደ አልጋው ሥር አዩ። ጣቷ ቀስ እያለች ታጠፈች።

«እሺ። እንደ ሥርዓቱ። አርባ ቀን። አርባዋ ሲሞላ ልጆቿን ይዛ ትወጣለች፣ አለቀ።»

ፈቃዳቸው ትልቅ ነገር ነበር። አመስግኜ ዝም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በአርባ ቀኗ ድመት ሮጣ ከውሻ አታመልጥም፤ አፌም ያን ቀን ተከፍቶ ቀርቷል።

«አርባ ቀን ለወንድ ነው» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ሴት ወልዳ ከሆነስ?»

መምሬ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እውነቷን ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ነው ክርስትና የምትነሣው።»

«ታዲያ እያቸዋ!» አሉ እትዬ ዘነበች። «ምሩቅ አይደለሽም እንዴ?»

«የተማርኩት ዕፅዋት ነው እትዬ።»

እናም ጋሽ አዴሎ ቅዳሜ ከደካ እስኪመለሱ ፍርዱ በቀጠሮ ቆየ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ከማል ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ቢላዋቸው በአየር ላይ ቀረ። «ለድመት? ያ ሁሉ ጥብስ ለድመት?» አሉና ጠረጴዛውን ተደግፈው ሳቁ። «ሳንባ አለ አይደል እንዴ! እኛ እኮ ዝም ብለን ነው ለውሻ የምንጥለው! በነፃ እኮ ነው!» አያችሁ፣ ስለ በጀቴ ማሰብ እዚህ ላይ አቆምኩ። ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥተው «እኔስ ተምሩን መልሺ አልልሽም፤ ግን ወዳጅነቱን እንዳትተዪው» አሉኝ።

በዚያው ቀን እትዬ ዘነበች አራት ጊዜ ክፍሌ ገቡ። ለቁጥጥር ነው አሉ። በሦስተኛው አንድ ክንድ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ይዘው መጡ። «ቁራጭ ነው፣ ለሽያጭ አይሆንም» አሉኝ። ከአዲሱ ጣቃ ሲቆርጡት በሱቁ በር አይቻቸዋለሁ።

ቅዳሜ ጋሽ አዴሎ ከነጭቃ ቦቲያቸው ደረሱ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ጋሽ አዴሎ የመጀመሪያውን አንሥተው ጭራውን ገለጡ።

«ወንድ።»

እትዬ ዘነበች አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይሄም ወንድ።»

እትዬ ዘነበች ክብደታቸውን ከአንዱ እግራቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ወንድ።»

«ደህና አርገው ይዩ እንጂ!» አሉ እትዬ ዘነበች። «እንዲህ በችኮላ ነው እንዴ የሚታየው?»

ጋሽ አዴሎ አራተኛዋን አነሡ። ከሁሉም ትንሿ ናት። ወደ መስኮቱ ወሰዷት፤ አገላበጡ፤ መነጽራቸውን አወጡ። «ይህቺ ገና ናት፣ አትለይም። ሳምንት ቆይቼ ብመለስ…»

«ሴት ናት» አሉ እትዬ ዘነበች።

«አትለይም እኮ ነው የምልዎት።»

«ጋሽ አዴሎ፣ እኔ ሰባት ወልጃለሁ። እርስዎ ስንት ወለዱ?»

ጋሽ አዴሎ እትዬ ዘነበችን አዩ። እኔን አዩ። የእንስሳት ሕክምና የተማሩበትን ዘመን አሰቡ መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ሴት ናት» አሉ።

«ሰማንያ ቀን!» አሉ እትዬ ዘነበች፤ የሆነ ሰው ሲከራከራቸው የከረመ ይመስል። «ምን ይደረጋል፣ ሥርዓት ነው። በሉ አሁን ውጡልኝ። አራስ ቤት ወሬ አይበዛም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«አንቺም ውጪ!»

እንደፈራሁት ከዚያ ቤት ተባረርኩ። ጋሽ አዴሎና እኔ ካፊያውን ሽሽት ከጣራው ክፈፍ ሥር ጎን ለጎን ቆምን። ከውስጥ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ብዪ፣ ላንቺ ነው ያመጣሁት» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋሽ አዴሎ ያኔ መሳቅ ጀመሩ። እኔም አብሬያቸው፣ ጮክ ብዬ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጥቂት ጠብቄ የገዛ በሬን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ተከራይዋ።»

«ቀስ ብለሽ ግቢ» አሉ እትዬ ዘነበች፤ «አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት።»